ሽማግሌዎቹ መቂ የሄዱበት ጉዳይ

ሻርጃ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለአቶ ኡበይደላ፣ አዳማ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ጤናዎን፣ ቤትዎን፣ ያንን ቁጡ ወገብዎን ሳይቀር ይጠብቅልኝ። እኔ ደህና ነኝ፤ አባያ ቀሚስ እየሰፋሁ፣ የሰው ሙሽራ እያስጌጥኩ አለሁ። ብደውልም ጆሮዎ ስለማይሰማልኝ እንደ ድሮው በደብዳቤ ሆነናል። ይህንን አማል ከስልኳ ታሳይዎታለች፤ የእርስዎንም መልስ ፎቶ አንስታ ትልክልኛለች። ልጅ ይውጣልዎ፣ አባቷን እንዲህ የምታገለግል።

አጎቴ፣ አባቴ ከሞተ ወዲህ በእሱ ወገን የቀሩኝ እርስዎ ብቻ ነዎት። የአባቴ ያጎት ልጅ ቢሆኑም ለእኔ ያው አጎቴ ነዎት። ስለዚህ ለማንም ያልነገርኩትን ለእርስዎ ልንገርዎ።

ወንድሜ ራህመቶ ዱከም ፋብሪካ ገብቷል ያልኩት ውሸት ነው። እናቴ እንዳትጨነቅ ብዬ ነው። ጫቱ አናቱ ላይ ወጥቶ የስፌት መኪናዋን የሸጠባት ጊዜ፣ እናቴ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ከእንግዲህ ከደጄ አትድረስ» ያለችውን ያውቃሉ። ከዚያ በኋላ አዳማ መናኸሪያ አጠገብ ማዳበሪያ ተከናንቦ ሲተኛ ያዩት የአቦምሳ ሰዎች አሉ። አሁን ደግሞ ከመቂ ወዲያ፣ ወደ ሐይቁ ግድም፣ ከጎዳና የተነሡ ሰዎች አብረው የሚያርሱት እርሻ አለ፤ እዚያ አይተነዋል የሚሉ መጡ።

እኔ ለአረፋ እገባለሁ ኢንሻአላህ። አቦምሳ የማሠራው ቤት ጣራው ወጥቷል። ከፊት ለፊቱ ሱቅ አለው፤ ሱቁ የራህመቶ ነው። ስመጣ ወንድሜን እናቴ ቤት ገብቶ ማየት ነው የምፈልገው፤ ሌላ ምኞት የለኝም። እባክዎ ሄደው ይዩልኝ። እኔ እንደላክኩዎት ግን አይንገሩት፤ ለእናቴም እንዲሁ። ለመንገድ የሚሆን ለአማል ልኬያለሁ።

ልጅዎ ሱሃይላ


አዳማ፣ የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሃይላ አማን፣ ባሕር ማዶ

ወአለይኩም ሰላም፣ የእኔ ልጅ። ወገቤን ስለጠየቅሽው እሱም ሰላም ብሎሻል። አላህ እጅሽን ከመርፌ፣ ልብሽን ከሐሳብ ይጠብቅልኝ።

የዘገየሁት ረስቼሽ አይደለም። ደብዳቤሽን አንብቤ መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ፤ ሌላ ቀንም እንዲሁ። ዕድሜ ልኩን ኤንትሬ የጭነት መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ሚኒባስ ላይ ለመውጣት እግሩ አልታዘዝ አለው። ነገሩ ሌላ አይደለም፤ ሞቶ ከሆነስ እያልኩ ነው። ላንቺ ምን ብዬ እጽፋለሁ?

ለማንኛውም ሄድኩ። መቂን ለእኔ አይነግሩኝም፤ ሽንኩርት ያልጫንኩበት ማሳ የለም። ከከተማው ባጃጅ ይዤ እርሻው በር ስደርስ «ነጋዴ ነኝ፣ ሽንኩርት ፈልጌ ነው» አልኩ። በሩን የከፈተችልኝ ሴትዮ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝና «ነጋዴማ ቢሆኑ ዋጋ ሳይጠይቁ እግርዎን አያስገቡም ነበር» ብላ መኮትኮቻ አስጨበጠችኝ። ለካ እዚያ ለእንግዳ ወንበር አይቀርብም። መጀመሪያ ከሰዎቹ ጋር አንድ መደብ ካረመ በኋላ ነው ውሃ የሚሰጡት። በዚህ ወገብ አረምኩልሽ፣ ሱሃይላ። ካጠገቤ የሚያርመው ሽማግሌ «እርስዎ ሣሩን ትተው ሽንኩርቱን ነው የሚነቅሉት» እያለ ሳቀብኝ።

ሴትዮዋ ሽታዬ ትባላለች። ድሮ አዳማ መናኸሪያው አጠገብ ምግብ ቤት ነበራት። ቡሌ ፈልገው ደጇ ላይ የሚሰለፉትን ሰዎች ስታይ ኖራ ኖራ፣ አንድ ቀን ምግብ ቤቱን ሸጠችና አባቷ ያወረሳት መሬት ላይ ገባች። ለምን ብላት «የሰው ትርፍራፊ ማደል ደከመኛ!» አለችኝ። አሁን እሷም እነሱም የሚበሉት ከአንድ ትሪ ነው። እየተጣሉም ነው የሚኖሩት፤ ሁሉም ጻድቅ እንዳይመስልሽ። እኔ እያለሁ እንኳ ሁለት ጎረምሶች በአንድ ጥንድ ቦት ጫማ ተናንቀው ነበር።

አንድ ደንብ ግን ወደድኩላቸው። አዲስ የገባ ሰው በእጁ የተከለው ደርሶ፣ ከዚያው ላይ እስኪበላ ድረስ፣ «ከየት መጣህ? ምን አግኝቶህ ነው?» የሚለው የለም። ከተከለው ከበላ በኋላ ከፈለገ ያወራል፤ ካልፈለገም ይቅር።

ወንድምሽ አለ። አልሐምዱሊላህ በይ። ከስቷል፤ ግን የሥራ ክሳት ነው። ከሐይቁ በሞተር የሚሳበውን ውሃ ለየመደቡ በተራ የሚለቀው እሱ ነው። ገና ሲያየኝ አወቀኝ፤ ግን ቦዩን ትቶ አልመጣም። «አጎቴ፣ የቲማቲሙ ተራ ሊያልፍ ነው፤ ትንሽ ይታገሡኝ» ብሎ ዛፍ ሥር አስቀመጠኝ። ተናደድኩ። ቆየት ብዬ ደስ አለኝ። ያ የሰው ዕቃ የማያከብር ልጅ የሰው ውሃ ሲያከብር አየሁት።

ጨርሶ መጣና ስለ ሁሉም ጠየቀኝ፤ ስለ ወገቤ፣ ስለ አማል፣ ስለ ሰፈሩ። ስለ ቤት አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁ። እስከ በሩ ሸኝቶኝ ስንሰነባበት «አጎቴ፣ ራህመቶ ዱከም ነው ያለው ይባላል አሉ» ብሎ ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

ለመንገድ የላክሽው ተርፏል፤ ሌላ አትላኪ።

አጎትሽ ኡበይደላ


ሻርጃ፣ የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ኡበይደላ

አሰላሙ አለይኩም። ያረሙበትን ወገብ አላህ ያበርታው። «አለ» የምትለዋን ቃል ሳነብ ከስፌት ቤቱ ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አሠሪዬ የሞተብኝ ሰው ያለ መስሏት ውሃ ይዛልኝ መጣች።

ግን አጎቴ፣ ስለ ዱከም ማን ነገረው? «ስለ ሁሉም ጠየቀኝ» ካሉ በኋላ ስለ እኔ የጻፉት የለም። አልጠየቀም? ጠይቆ ከሆነም የዘለሉት ለምንድን ነው? ፎቶውንም አልላኩልኝም። አንድ ፎቶ ብቻ ይላኩልኝ፤ ፊቱን ልየው።

ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ አላህ ይክፈላቸው። ሆኖም እዚያ የሚቀርበት ምክንያት አይታየኝም። የገዛ ሱቁ ቁልፍ እየጠበቀው የሰው ማሳ ውሃ ሲያጠጣ ይኑር? አቦምሳ ሰው ሲገናኝ ወሬው ምን እንደሚሆን እርስዎ አያጡትም። ወንድሜን «ከጎዳና የተነሣው» ሲሉት ቆሜ መስማት አልችልም።

ወጉን አውቃለሁ። በሰው ፊት የተባረረ ልጅ ብቻውን ተነሥቶ አይመለስም፤ ሽማግሌ ሄዶ ይዞት ይመጣል። ረመዳን ሲያልፍ ሽማግሌ ይሰብስቡልኝና ይሂዱ። ለሽማግሌዎቹ ትራንስፖርትም፣ ለሚያስፈልገውም ሁሉ እልካለሁ። እኔ ሳልገባ ይግባልኝ።

ልጅዎ ሱሃይላ


አዳማ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሃይላ

ሰላም ላንቺ ይሁን፤ ጾምሽም ዱዓሽም ተቀባይነት ያግኝ። በረመዳን መሐል ስለ ፎቶው ሦስቴ መጻፍሽን አማል ነግራኛለች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ አንቺ ሞኝ አይደለሽም፣ ግን አልለቀቅሽም። እርሻው ውስጥ ሰው ፎቶ ማንሣት ክልክል ነው። አንድ ጊዜ እንግዶች መጥተው ፎቷቸውን ፌስቡክ ላይ ለቀውት፣ አንዲት ሴት ጥላው የሸሸችው ባል በር ድረስ መጣባት። ሽታዬ ከዚያ ወዲህ ስልክ በኪስ ነው ትላለች።

አሁን ወደ ደስታው ልለፍ። ሽማግሌ ሆነን ሄድን! ሰንበታን ታውቂዋለሽ፤ ጎረቤቴ፣ ድሮ መቂ የሽንኩርት ደላላ የነበረው። ሦስተኛው ማናሴ ነው፤ ጡረታ የወጣ መምህር። ማናሴ ሲናገር ሰው ያስተኛል፤ ለሽምግልና ግን የሚመረጠው እንዲህ ያለ ነው፤ ተቃዋሚው ሳይወድ በግድ እሺ ይላል።

እሑድ፣ የሆሳዕና ዕለት፣ በማለዳ ኩታችንን ለብሰን፣ ጫማችንን አስጠርገን፣ ከዘራችንን ይዘን በሩ ላይ ቆምን። ሽታዬ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነው፤ ዘንባባ ግንባሯ ላይ አስራለች። «በሉ ግቡ፣ ተቀመጡ» አለች። ያን ቀን መኮትኮቻ አልሰጠችንም፤ ኩታ መልበስ ጥቅም አለው። ማናሴ «እሺ ካልተባልን አንቀመጥም» አለ፣ እንደ ወጉ። «ምን ጉዳይ ይዛችሁ ነው?» ስትል ከአዳም ጀመረላት። ሰው ብቻውን መኖር እንደማይገባው፣ ወገን ከወገን ሲቀላቀል ቤት እንደሚሞላ፣ ምን የማይለው አለ! ዋናውን ነገር በስሙ አልጠራውም። በመጀመሪያው ቀን ጉዳዩን አፍርጦ የሚናገር ሽማግሌ ባለጌ ነው። እኔ ግማሹን አልሰማሁትም፤ ሰንበታ ግን ድንቅ ነበር ብሎኛል።

አቀባበሉን ባየሽው! የችግኝ ሣጥን ተሸክማ ታልፍ የነበረች አንዲት ወጣት እኛን ስታይ ሣጥኑን ጥላው ወደ ጓሮ ሮጠች። ምን ነካት ስል ሴቶቹ ተያዩና እልልታውን አቀለጡት። በልቤ፣ እንዴት ያሉ ደጋግ ሰዎች ናቸው፣ አብሯቸው የኖረው ልጅ ወደ እናቱ ሊመለስ ነው ብለው እልል የሚሉ! አልኩ። ያ ሳርም የሳቀብኝ ሽማግሌ ጫምሳ ይባላል፤ መናኸሪያው ላይ ተሸካሚ ሆኖ ያረጀ ነው። «ኮታ፣ ታኣ! ኑ፣ ቁጭ በሉ እንጂ፣ እኛ ምን ክፋት አለን!» እያለ ትከሻዬን ሳመኝ።

ሽታዬ ግን ብልህ ናት፤ ቶሎ አልተቀበለችንም። «ነገሩ ትልቅ ነው። እኛም ወገን ነን፣ እንመካከር። ጾሙ ይፈታና በዳግማይ ትንሣኤ እሑድ ተመለሱ» አለች። ልጁን እንዲህ ከሳሱለት እኮ ወድደውታል ማለት ነው።

ራህመቶ የመጣው ልንሄድ ስንል ነው። ጉልበቴን ይዞ አለቀሰ፣ ሱሃይላ። «አጎቴ፣ ማን ነገረዎ?» አለኝ። «ምን ነጋሪ ያስፈልገዋል! እናትህ እኮ ናፍቃሃለች» አልኩት። ቀና ብሎ ፊቴን አየኝ። ከዚያ ጉልበቴን ለቅቆ «እሺ» ብሎ ወደ ውሃው ሄደ።

እንግዲህ እሺ ብሏል። ሱቁን ቀለም አስቀቢ።

አጎትሽ ኡበይደላ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ ኡበይደላ

አሰላሙ አለይኩም። ለድካምዎ አላህ ይክፈልዎ እያልኩ ልጀምርና ወዲያው ወደ ነገሩ ልግባ፤ ይቅር ይበሉኝ።

አብራኝ የምትሰፋ የደሴ ልጅ አለች። ደብዳቤዎን ሳነብላት እልልታው ጋ ስንደርስ የያዘችውን ልብስ ጥላ መሬት ላይ ተቀምጣ ሳቀች። አጎቴ፣ ኩታ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች በእሑድ ማለዳ ደጅ ቆመው፣ አንቀመጥም ብለው፣ ሰው ብቻውን አይኑር እያሉ ሲናገሩ፣ ሰው ምን ሊጠይቁ መጡ ይላል? ያቺ ችግኝ ጥላ የሮጠች ልጅ ማን ናት? የሄዳችሁት ወንድሜን ልታስመልሱ ነው፤ የጠየቃችሁት ግን ሚስት ነው!

እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ ግን አልቆየም። «ማን ነገረዎ» ያለው ልጅቷ በልቡ ስላለች ነው። አጎቴ፣ ቤቱ ልናስገባው ሄደን እዚያው ልንተክለው ነው! ስሟን እንኳ አናውቅም። ከጎዳና የመጣች፣ ወገኗ የማይታወቅ ልጅ ለእናቴ ምራት ትሁን? እኔ ይህን ሁሉ ዓመት በሰው አገር የተቀመጥኩት ለማን ነው?

ቀጠሮው ሳይደርስ ይሂዱና ስሕተት ነው ይበሏቸው። የመጣነው ልጃችንን ልንወስድ ነው ይበሉ። እግርዎ ላይ ወድቄ እለምንዎታለሁ።

ሱሃይላ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

አጎቴ፣ ሰላምታዬ ይድረስዎ።

መልስ የለም። አማልን ብጠይቃት «አባዬ ከነሰንበታ ጋር እየተከራከረ ነው» አለችኝ። ምኑ ነው የሚያከራክረው? እሑድ ደረሰ። ይጻፉልኝ፣ ባይጽፉ እንኳ ይሂዱና ይናገሩ።

ሱሃይላ


አዳማ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሱሃይላ

ሰላምና ጤና ላንቺ፤ ቁጣሽንም አላህ ያብርደው። ይህን ደብዳቤ ተቀምጠሽ አንብቢው።

ያንቺን ደብዳቤ ለነሰንበታ አነበብኩላቸው። ሰንበታ ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ። ማናሴ አልሳቀም፤ ያ ሁሉ ንግግሩ ለሌላ ጉዳይ ዋለበታ! ከዚያ ክርክር ሆነ። ማናሴ፣ ስሕተት ከሆነ ሄደን ስሕተት ነው እንበል አለ። ሰንበታ ደግሞ፣ ደጅ ቆሞ የለመነ ሽማግሌ ልመናውን መልሶ አይውጥም አለ። እኔ ላንቺ አደላሁ። እሑድ ሄደን እውነቱን እንድንናገር ተስማማን፤ ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ተናጋሪው እኔ ሆንኩ። ሚኒባስ ውስጥ የምለውን ሁሉ በቃሌ ስይዝ ሄድኩ።

ስንደርስ ሸራ ወጥረዋል። ያለ የሌለ ልብሳቸውን ለብሰው በአንድ በኩል ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጫምሳ ሰፊ የውሰት ኮት ለብሶ መሐል ላይ ነው። ልጅቷ ሃፍሳ ትባላለች። በሕፃንነቷ ከወሎ በሰው እጅ መጥታ ከሰው ቤት ወደ ጎዳና የወጣች ናት፤ ችግኝ ጣቢያው በእሷ እጅ ነው። ሽታዬ «የልጅቷ ወገኖች ይተዋወቁ» አለች። አንዱ ይነሣና «አጎቷ ነኝ» ይላል። ሌላይቱ ትነሣና «አክስቷ ነኝ» ትላለች። እነዚያ በቦት ጫማ የተናነቁት ሁለቱ «ወንድሞቿ ነን» ብለው አብረው ተነሡ። ማናቸውም በደም አይገናኟትም። አንድም ሰው ግን አልሳቀም።

ጫምሳ እኔን አየኝ። «ዘር ቆጥሮ ነው የሚጋባው፤ ወጉ ነው። ሃፍሳ አባቷን አታውቅም። ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቁጠሩላት፤ ሃፍሳ ጫምሳ በሉ። እናንተስ? ራህመቶን እናውቀዋለን፣ ሥራውንም ጠባዩንም እናውቃለን። ወገን እንዳለው ግን እናንተ እስክትመጡ አናውቅም ነበር። ማን ነው የሚቆጥርለት?» አለ።

ሱሃይላ፣ በቃሌ የያዝኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ራህመቶ ወግ ሆኖበት አልቀረበም፤ ከሩቅ ቦዩ ዳር ቆሞ አካፋውን ይዞ ያየናል። ቁፋሮውን ትቷል። የሚጠብቀው ሰው ይነሣለት እንደሆን ነው። እኔ ያን ጊዜ ተነሥቼ «ተሳስተን ነው» ብል፣ እናቱ በሰው ፊት ያባረረችውን ልጅ እኔ ደግሞ በሰው ፊት ላባርረው ነው። ተነሣሁ። «ራህመቶ አማን ቃሲም ገመዳ ቱፋ» ብዬ ጀመርኩና እስከ ሰባት ቆጠርኩለት። «ቃሲም የአባቴ ወንድም ነው፤ ይህ ልጅ ደሜ ነው፤ ልጃችሁን ለልጃችን ስጡን» አልኩ። ማናሴ ምንም ሳይጨምር «አሜን» አለ። ከማናሴ አፍ ያጠረ ቃል ስሰማ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

ከምግብ በኋላ ራህመቶን ለብቻው ይዤ እውነቱን ነገርኩት። «መጀመሪያ የመጣሁት ሚስት ልጠይቅልህ አልነበረም፤ ወደ እናትህ ልመልስህ ነበር» አልኩት። «አውቃለሁ» አለኝ። «‹እናትህ› ሲሉኝ ጊዜ ነው የገባኝ። ላርማችሁ ነበር። ግን ሽማግሌ ቆሞልኝ አያውቅም፣ አጎቴ። ቆማችሁ ስትለምኑ ደስ አለኝና ዝም አልኩ።» እኔ እዚያ ማሳ ዳር እንደ ሕፃን አለቀስኩ፤ ለአማል አልነገርኳትም፣ ላንቺ ግን ልንገርሽ።

ስላንቺም ጠይቋል። በመጀመሪያውም ቀን ጠይቆ ነበር፤ የዘለልኩት እኔ ነኝ። «ሱሃይላ እኔን የት አለ ትላለች?» ነበር ያለኝ፤ የአቦምሳ ሰዎች ስለ ዱከሙ ነግረውታል። እኔም ልጠይቅሽ፣ የእኔ ልጅ። አንቺ የፈራሽው ወንድምሽ እንዳይጠፋ ነው ወይስ እንዳይታይ?

በማግስቱ አቦምሳ ወጣሁ። እናትሽን ፋዲላን አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳት። አትቆጪኝ፤ ልጅ እየዳሩ መደበቅ አይቻልም። ስለ ዱከም ያልሽውን ስነግራት አልደነገጠችም። «አምና ሄጄ ነበር» አለችኝ። ዱከም ወርዳ፣ ከፋብሪካው ሁሉ በር ቆማ፣ ሠራተኛው ወጥቶ ሚኒባስ ሲሳፈር ፊት ፊቱን ስታይ ውላ ተመልሳለች። ላንቺ ያልነገረችሽ በሰው አገር ሆነሽ እንዳታዝኚ ብላ ነው። እንግዲህ እናትና ልጅ ስትሸፋፈኑ ኖራችኋል።

ከዚያ ያን ዕለት የነበሩትን ጎረቤቶች አስጠራቻቸው። በሰው ፊት የወጣ ቃል በሰው ፊት ነው የሚመለሰው። «ልጄን ከደጄ አትድረስ ብዬ ነበር። አንሥቼዋለሁ። መጣም ቀረም ደጄ ደጁ ነው» አለች። ራህመቶ ሃፍሳን ይዞ የእናቱን ምርቃት ሊቀበል ይመጣል። መኖሪያው ግን እዚያው እርሻው ነው፤ ቁርጡን ነግሮኛል። ሠርጉም እዚያው ነው፤ አረፋ ሲያልፍ የመቂው ኢማም ኒካሑን ያስሩላቸዋል።

ከእንግዲህ ለትራንስፖርት አትላኪ። ከቻልሽ ለልጅቷ ቀሚስ ስፊላት። ካልቻልሽም አልቀየምሽም።

አጎትሽ ኡበይደላ


ሻርጃ፣ ግንቦት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ ኡበይደላ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ቆመው የቆጠሩበትን ጉልበት ያጽናው።

የዘገየሁት ተናድጄ ነው። የሰፋሁትን እየፈታሁ፣ የፈታሁትን እየሰፋሁ ሰነበትኩ። እናቴ በየፋብሪካው በር ቆማ ፊት ስታይ መዋሏ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። የጠየቁኝን ጥያቄ ልመልስ ስል እጄ እንቢ ይለኛል። መልሱን እርስዎም ያውቁታል፤ እንዲያው ቢተዉኝ።

ባለፈው ዓርብ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። ራህመቶ ነበር፤ በሽታዬ ስልክ። መጀመሪያ ጤና ተጠያየቅን። በኋላ ስለ ሱቁ አነሣሁ፤ አሁንም ያንተ ነው አልኩት። «ሱሃይላ፣ ሱቅ ብከፍት ሰው የሚፈልገኝ ስኳር ሲያልቅበት ነው። እዚህ ትንሽ ስዘገይ ሁሉም ስሜን እየጠራ ይፈልገኛል» አለኝ። ልከራከረው ነበር፣ አቃተኝ። አጎቴ፣ እኔን እዚህ ስዘገይ ስሜን ጠርቶ የሚፈልገኝ ሰው የለም። ሱቁን እናቴ ታከራየው።

ከዚያ ስልኩን ለሃፍሳ ሰጣት። ድምፅዋ ቀጭን ነው፤ እፍረት ገደላት። የቀሚሷን ልክ ጠየቅኳት። ሂናውን ማን እንደሚቀባት፣ በሠርጉ ዋዜማ ማን አብሯት እንደሚያድር ጠየቅኳት። «እናቶች አሉኝ፣ አክስቶች አሉኝ፣ ወንድሞችም አሉኝ። በእኔ ዕድሜ ያለች ግን የለችም» አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ ጨርቅ መረጥኩ። ነጭ አይደለም፤ ችግኝ ስታይ የምትውል ልጅ አረንጓዴ ትወዳለች አለኝ ራህመቶ።

አጎቴ፣ በልጁ ወገን እርስዎ አሉ፣ አቶ ሰንበታና አቶ ማናሴ አሉ፣ እናቴም አለች። ሞልቷል። እኔን ከዚያ አውጡኝና በልጅቷ ወገን ቁጠሩኝ። አባባ ጫምሳ ይፈቅዱልኝ እንደሆን ይጠይቁልኝ፤ እሺ ካሉ ከአውሮፕላን ወርጄ በቀጥታ ወደ እነሱ ነው የምመጣው። መኮትኮቻውንም አዘጋጁልኝ በሏቸው።

የሠርጉ ዕለት ሙሽራውን ይዛችሁ ስትመጡ በሩን ዘግተው ከሚያስቆሟችሁ ሴቶች መሐል ነኝ። በቀላሉ አንከፍትም፤ አቶ ማናሴን አስቀድማችሁ ኑ።

የሃፍሳ እህት
ሱሃይላ